ቋንቋን በጎልማሳነት መማር

ዛፍ የሚቃናው በለጋነቱ ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ልጅ ትምህርት፣ በተለይም ስለ ቋንቋ ትምህርት ሲነገር እውነትነት እንዳለው የሚክድ የለም። ሕፃን ልጅ ቋንቋን የሚማረው አየር እንደሚተነፍስ ሁሉ ሳያስበው ነው፤ አስተማሪው እናቱ፣ መጽሐፉም ጎረቤቱ ነው። የጎልማሳ መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጆሮው በመጀመሪያ ቋንቋው ድምፆች ተቀርጿል፤ ምላሱም ከለመደው መንገድ ወጥቶ መሄድ ያዳግተዋል፤ ከዚህም በላይ ሰው እንዳይስቅበት እየሠጋ ከመናገር ዝምታን ይመርጣል። ይሁን እንጂ ጎልማሳ የደረቀ እንጨት ነውና አይታረቅም ብሎ መደምደም አይገባም። ሕፃን የማያውቀውን አንድ ነገር ጎልማሳ ያውቃልና፤ ይኸውም አንድ ቋንቋ ሲጠፋ አብሮት ምን እንደሚጠፋ ነው።

ይህን አሳብ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን በራሴ ኑሮ የተረዳሁት ነው። ለብዙ ዓመታት የአማርኛ ሰዋስው አስተማሪ፣ ከዚያም የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ኑሮዬ በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ሆነ። በዚያም ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ኦጅብዌ የተባለውን የአገሩን ነባር ሕዝብ ቋንቋ መማር ጀመርኩ። ትምህርቱ በከፊል በሰው፣ በከፊል በመሣሪያ የሚሰጥ ስለነበረ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ገጠመኝ፤ አንደኛው የቋንቋው፣ ሁለተኛው የኮምፒዩተሩና የእጅ ስልኩ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚከብድ ለመወሰን ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሞክረው ግን ሁለቱ እንዴት እንደሚረዳዱና መሣሪያው ለሰው ቦታውን የሚለቅበት ወሰን የት ላይ እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕዝቡና ስለ ቋንቋው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኦጅብዌዎች ራሳቸውን አኒሺናቤ፣ ቋንቋቸውንም አኒሺናቤሞዊን ብለው ይጠራሉ። የሚኖሩትም ታላላቆቹ ሐይቆች በተባሉት የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ዙሪያና ከዚያ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋው አገር ነው፤ በዩናይትድ ስቴትስ በኩል በሚቺጋን፣ በዊስኮንሲን፣ በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ፣ በካናዳ በኩል ደግሞ በኦንታሪዮ፣ በማኒቶባና በአቅራቢያቸው ባሉ ግዛቶች ይገኛሉ። ቋንቋቸው አልጎንኪያን ከሚባለው ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርታችን ሁላችንም ስሙን የምናውቀው የሚሲሲፒ ወንዝ ስያሜውን ያገኘው «ታላቅ ወንዝ» የሚል ትርጉም ካለው የዚህ ሕዝብ ቃል ነው። የሚቺጋን ስምም እንዲሁ «ታላቅ ሐይቅ» ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው። ስለዚህ ኦጅብዌን ጨርሶ ያልሰማ ሰው እንኳ ቃላቱን ሳያውቀው በአፉ ሲጠራ ይኖራል።

«አንድ ኢትዮጵያዊ በስተርጅና ይህን ቋንቋ ምን ያደርግለታል?» ብለው የጠየቁኝ ወዳጆች አልታጡም። መልሴ አጭር ነበር። በባህላችን እንግዳ ሰው ያረፈበትን ቤት ባለቤት ስም ሳይጠይቅ ቢያድር እንደ ነውር ይቆጠርበታል። እኔም በሰው አገር እንግዳ ነኝ፤ በየቀኑ የማልፍባቸው ሐይቆችና ወንዞች አስቀድሞ ማን፣ በምን ቋንቋ ስም እንዳወጣላቸው ማወቅ የእንግድነት ወግ መስሎ ታየኝ። ቋንቋው የባለቤቶቹ ነው፤ እንግዳ ከማዕድ ቢቀርብ የማዕዱ ጌታ አይሆንም። ነገር ግን የሚቀርብለትን በአክብሮት መቀበል ይችላል።

ቋንቋው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ለመረዳት ያለፈውን ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል። በዩናይትድ ስቴትስ እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንሲልቬንያ ግዛት በካርላይል ከተማ ለነባር ሕዝቦች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1918 እስኪዘጋ ድረስ ለሌሎች ብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አርአያ ሆነ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ ስማቸው ተለውጦ፣ በእናት ቋንቋቸው እንዳይናገሩ ተከልክለው ያድጉ ነበር። በካናዳም እንዲሁ ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው ተመሳሳይ አሠራር ወደ 150,000 የሚጠጉ ልጆች እንዳለፉ ይገመታል። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. በ2008፣ የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ተፈጸመው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ነገር ግን ይቅርታ የተዘጋን አፍ ባንዴ አይከፍተውም። በቋንቋው ምክንያት የተቀጣ ልጅ አድጎ ወላጅ ሲሆን፣ የራሱን ልጆች ከዚያ ቅጣት ለማዳን ሲል ቋንቋውን ሳያወርሳቸው ይቀራል። በዚህም ምክንያት በዩናይትድ ስቴትስ በኩል ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር የተማሩት ሰዎች ዛሬ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። የመካከለኛው ትውልድ ቋንቋውን በጎልማሳነት መማር ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

እኔ የገባሁበት የማታ ክፍል ይህን ታሪክ በግልጽ ያሳይ ነበር። ከአሥራ አምስት ከማንበልጠው ተማሪዎች መካከል አብዛኞቹ የኦጅብዌ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸውም ከሃያ እስከ ሰባ ይደርሳል። አስተማሪያችን አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ተወላጆቹ እንደ እኔ ቃላቱን ከምንም ተነሥተው ቢማሩም የተሸከሙት ሸክም ግን ከእኔ ይለያል። እኔ አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ያመለጠኝ ቃል ብቻ ነው። ለእነርሱ ግን ያች ቃል የአያታቸው ነበረች፤ ሊወርሷት ይገባ የነበረችውን እንደ ባዕድ በደብተር ጽፈው ሲያጠኑ ማየት ልብን ይነካል። በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ሲበዛ አስተማሪያችን፣ «ቋንቋው አልተቆጣችሁም፤ የቆየው እናንተን እየጠበቀ ነው» ይሉ ነበር።

ወደ ሰዋስዉ ስንመጣ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የስሞች አከፋፈል ነው። እኛ በአማርኛ ስሞችን በተባዕትና በአንስታይ ጾታ እንከፍላለን። ኦጅብዌ እንዲህ ያለ አከፋፈል የለውም፤ «እርሱ»ና «እርስዋ» በአንድ ቃል ይነገራሉ። በዚህ ፈንታ ስሞች ሁሉ ሕያው ከሆኑትና ሕያው ካልሆኑት ወገን ይመደባሉ። ሰውና እንስሳ ከሕያዋኑ ወገን መሆናቸው አያስገርምም። ነገር ግን አሲን የተባለው ድንጋይም በሰዋስዉ ሕያው ነው። በእሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራው እንጆሪ ሕያው ሲሆን፣ በምድር ላይ ተነጥፎ የሚያፈራውና «የልብ ፍሬ» የሚል ስም ያለው ሌላው እንጆሪ ግን ሕያው አይደለም። ሚቲግ የተባለው ቃል ደግሞ ዛፍ ማለት ሲሆን ሕያው ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ በትር ሲሆን ግን ያው ቃል ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል። ልዩነቱም በብዙ ቁጥር ጊዜ ይታወቃል፤ ሚቲጎግ ሲባል ዛፎች፣ ሚቲጎን ሲባል በትሮች ማለት ነው። ከአንድ ፊደል ለውጥ በስተኋላ መጥረቢያ ያለ ይመስላል።

ይህ አከፋፈል በስም ብቻ ሳይወሰን ግሱንም ይለውጠዋል። ሕያው የሆነውን ነገር «አየዋለሁ» ለማለት ኒዋበማ ሲባል፣ ሕያው ያልሆነውን «አየዋለሁ» ለማለት ኒዋበንዳን ይባላል። ስለዚህ ተናጋሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ያየው ነገር ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት አለበት። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከሌላው ተማሪ ይልቅ ትንሽ ዕድለኛ ነው። በእኛም ቋንቋ ግስ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውን ሁሉ በአንድነት ተሸክሞ ይሄዳልና። «አልሰበርኩልህም» የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሱት ስንት ቃል እንደሚወጣው ተማሪዎች ሞክረው ሊያዩት ይችላሉ። በኦጅብዌም እንዲሁ አንድ ግስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ የክፍል ጓደኞቼ በረጅሙ ግስ ፊት ሲደናገጡ፣ እኔ እንደ ቆየ ዘመድ አየሁት።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ፤ ይህ ልዩነት ብዙ አሳስቦኛል። በአማርኛ «አየሁህ» ስንል አድራጊው «እኔ» ይቀድማል፣ ተደራጊው «አንተ» ይከተላል። «አየኸኝ» ስንልም እንደዚሁ አድራጊው «አንተ» ቀድሞ «እኔ» ይከተላል። በኦጅብዌ ግን ማንም አድራጊ፣ ማንም ተደራጊ ይሁን፣ በንግግሩ ውስጥ «እኔ»ና «አንተ» ከተገናኙ የአድማጩ ምልክት ሁልጊዜ ከፊት ይቆማል። ጊዋበም ማለት «ታየኛለህ» ሲሆን፣ ጊዋበሚን ማለት «አይሃለሁ» ነው። በሁለቱም ቃላት መጀመሪያ ላይ ያለችው «ጊ» አድማጩን ታመለክታለች፤ አድራጊው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከቃሉ መጨረሻ ነው። «እኛ» የሚለውም ቃል በሁለት ይከፈላል። ጊናዊንድ ሲባል «አንተም ያለህበት እኛ» ማለት ሲሆን፣ ኒናዊንድ ሲባል «አንተን የማይጨምር እኛ» ማለት ነው። በአማርኛ «እኛ እንሄዳለን» ሲባል የሰማ እንግዳ፣ ተጠርቶ እንደሆነ ወይም እንዳልተጠራ ለማወቅ የተናጋሪውን ፊት መመልከት ይኖርበታል። በኦጅብዌ ግን ቃሉ ራሱ ይነግረዋል። አረጋዊቷ አስተማሪያችን አንድ ምሽት ትምህርቱን ሲጀምሩ ጊናዊንድ ባሉ ጊዜ፣ በስደት ለኖረ ሰው ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ተረዳሁ።

አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው ልመለስ። እኔ የሠለጠንኩት በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ዘመን ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ የማውቀው ታላቁ መሣሪያ የጽሕፈት መኪናና የስቴንስል ማባዣ ነበር። በዚህ ትምህርት ግን የመጀመሪያው የቤት ሥራ በኮምፒዩተር መዝገበ ቃላት ከፍቶ ድምፅ መስማት ሆነ። መዝገበ ቃላቱ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቃላቱን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በአረጋውያን ተናጋሪዎች ድምፅ ያሰማል። ቃሉን በጣት ሲነኩት አንድ አዛውንት ወይም አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው ይጠሩታል። በአጠገቤ የሚቀመጥ የ19 ዓመት ወጣት የመሣሪያውን አከፋፈት ያሳየኝ ነበር፤ እኔም በበኩሌ በግሱ እርባታ እረዳው ነበር። እርሱ «ሰዋስው ያስፈራኛል» ሲል፣ እኔም «ያንተ መስታወት ያስፈራኛል» እለዋለሁ። በዚህ ዓይነት እርስ በርሳችን ተማሪና አስተማሪ ሆንን።

የመሣሪያውን ጥቅም ማቃለል አይገባም። አረጋዊት አስተማሪ አንድን ቃል አሥር ጊዜ ደጋግመው ቢጠሩ ይደክማቸዋል፤ መሣሪያው ግን መቶ ጊዜ ቢጠየቅ አይሰለችም። ጎልማሳ ተማሪ በሰው ፊት ከመናገሩ በፊት ብቻውን በጓዳው መለማመድ ይፈልጋል፤ መሣሪያው አይስቅበትም፣ አይታዘበውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በየማታው አምስት ቃል በጆሮ የያዘ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሰፊ ክምችት ይኖረዋል። በሌላም በኩል መሣሪያው ርቀትን ያጠፋል። ከትልቅ ከተማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር የአንድ አዛውንት ድምፅ ተቀድቶ በአንድ ምሽት በየቤቱ ሊደርስ ይችላል።

የጽሕፈቱም ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩ ትምህርት አለው። በካናዳ በኖርዌይ ሐውስ ይኖር የነበረው ጄምስ ኤቫንስ የተባለ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1840 ክሪ ለተባለው፣ ከኦጅብዌ ጋር ዘመድ ለሆነው ቋንቋ አንድ የፊደል ገበታ አወጣ። ይህ ገበታ በኋላ ወደ አንዳንድ የኦጅብዌ አገሮችም ተስፋፋ። በእኛ ፊደል ተነባቢው ቅርጹን ሳይለቅ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ እግሩ ሲረዝም፣ ጎኑ ሲቀጠል አናባቢውን ያመለክታል። በኤቫንስ ገበታም ተነባቢው ያው ሲሆን አናባቢው የሚታወቀው ፊደሉ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲዞር ነው። እነዚህ ሁለት የፊደል ገበታዎች በኮምፒዩተር ዘመን አንድ ዕድል ገጠማቸው። የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒዩተር በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲታወቁ የሚያደርገው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ሁለቱንም አብሮ ተቀበላቸው። በሚኒሶታ ግን ይበልጥ የሚሠራበት በ1950ዎቹ ቻርልስ ፊዬሮ ያዘጋጀው፣ ረጅሙን አናባቢ ፊደሉን በመደገም የሚያመለክተው የላቲን አጻጻፍ ነው። ይህ አጻጻፍ ምንም የተለየ ፊደል ስለማያሻው በማንኛውም የጽሕፈት መኪና፣ በኋላም በማንኛውም ኮምፒዩተር ያለ ችግር ተጻፈ። የፊደል አመራረጥ የቋንቋን ዕድል እንዴት እንደሚወስን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቋንቋው ራሱም ለአዳዲስ መሣሪያዎች ስም በማውጣት ረገድ አላነሰም። ባቡርን በመጀመሪያ ያዩት አባቶች በእሳት የሚጎተት ነገር ሆኖ ስላገኙት ኢሽኮዴዊዳባን አሉት፤ ኢሽኮዴ ማለት እሳት ነውና። ቡናን መከዴመሽኪኪዋቦ ይሉታል፤ ትርጉሙም «ጥቁር የመድኃኒት ውሃ» ማለት ነው። ይህን ቃል በክፍል ውስጥ ስሰማ፣ የቡና አገር ሰው እንደመሆኔ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት እንደማይችል ተሰማኝ። ኮምፒዩተርንም ምስልን፣ ማዕድንን፣ መወርወርንና መሣሪያን የሚያመለክቱ የቃል ክፍሎችን አጣምረው ማዚናቢኪዌቢኒገን ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በሚኒሶታ የሚል ላክስ ኦጅብዌዎች ከአንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ድርጅት ጋር ሆነው በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሰጥ ትምህርት አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም የታወቀው የከዋክብት ጦርነት ፊልም በኦጅብዌ ተተርጉሞ በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ለሕዝብ ታየ። ከነዚህ ሁሉ የምንረዳው ነባር ቋንቋ ማለት የአሮጌ ነገር ቋንቋ ማለት እንዳልሆነ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የመሣሪያውን ወሰን መናገር ይገባኛል። ኦጅብዌዎች አንዳንድ የጥንት ተረቶቻቸውን የሚያወሩት በክረምት፣ መሬቱን በረዶ በሸፈነው ጊዜ ብቻ ነው። በበጋ እነዚያን ተረቶች ማውራት ነውር ነው። መሣሪያው ግን ወቅት አያውቅም፤ በሐምሌ ሙቀትም ቢነኩት የክረምቱን ተረት ያለ ይሉኝታ ያወራል። ስለዚህ አስተማሪያችን አንዳንዱን የድምፅ ቅጂ በረዶ እስኪጥል ድረስ እንዳንከፍት ያሳስቡን ነበር። ቃሉ በመሣሪያው ውስጥ ይገኛል፤ ቃሉ የሚነገርበትን ጊዜና ወግ የሚያውቀው ግን ሰው ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ይናገራል እንጂ አይጠይቅም። የተማሪው እናት ታማ እንደሆነ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ እንደሆነ አያውቅም። አስተማሪያችን ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ መልሱንም በኦጅብዌ መስጠት ግዴታችን ስለነበረ፣ ከመዝገበ ቃላቱ የለቀምናቸው ቃላት በዚያች ሰዓት ነፍስ ይዘሩ ነበር።

በክፍላችን የነበረች አንዲት ሴት ታሪክ ይህን ነገር ከማንኛውም ማስረጃ ይልቅ ያስረዳል። ይህች ሴት ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሲሆን፣ አያቷ በሕይወት ሳሉ አንድ ዘመድ የቀዳው የካሴት ክር ነበራት። አያቷ በዚያ ክር ላይ በቋንቋቸው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይናገራሉ። ክሩ ለአርባ ዓመታት ያህል በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። በኋላም የልጇ ልጅ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጦ፣ የክሩን ሹክሹክታ አጥርቶ ሰጣት። ድምፁ ከቀድሞው ይልቅ ጠራ፤ ሴትዮዋ ግን ያው ከቀድሞው አንዲት ቃል የበለጠ አልገባትም። በቤተሰቡ ውስጥ የሚሰማው ሰው ሁሉ አልቆ ነበር። እርሷም ወደ ማታው ክፍል የመጣችው በዚህ ምክንያት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ምሽት ክሩን በክፍል እንድናደምጠው ፈቀደች። አስተማሪያችን ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። አሮጊቷ ስለ ሩዝ አጨዳ ሲናገሩ ቆዩ፤ በዚያ አገር ሐይቅ ውስጥ በራሱ የሚበቅል ማኖሚን የተባለ እህል አለ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በታንኳ እየሄዱ ያራግፉታል። ከወሬው መካከል ላይ ግን ድምፃቸው ተለወጠና ራቅ ወዳለ ሰው የሚጣሩ ይመስል «አምቤ፣ ዊሲኒን!» አሉ። አስተማሪያችን ትርጉሙን ሊነግሩን ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ሴትዮዋ ቀደመቻቸው። «ነይ፣ ብዪ!» አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «የሚጠሩት እኔን ነው፤ ያን ጊዜ ከአጠገባቸው ያደግሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች። ለአርባ ዓመታት በክሩ ላይ የተጠራችው ልጅ መጠራቷን ያወቀችው በዚያች ምሽት ነበር።

እንግዲህ መሣሪያው ያለ ጥርጥር ውለታ ሠርቷል። ክሩ ባይኖር ኖሮ፣ ድምፁም ባይጠራ ኖሮ፣ የአያቷ ጥሪ ከአያቷ ጋር በተቀበረ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ጎተራ ነው፤ ማሳ አይደለም። ጎተራ እህሉን ከዝናብና ከተባይ ይጠብቃል፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነው። ዘር ግን በጎተራ አይበቅልም። ከዚያ ወጥቶ በአፈር ላይ መውደቅ አለበት፤ የቋንቋ አፈሩ ደግሞ የሰው ጆሮና የሰው አንደበት ነው። ጎተራው የቱን ያህል ቢሞላ ዘሪ ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት መኸር የለም።

ይህ ነገር እኛንም በቅርብ ይመለከተናል። በሚኒሶታ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ልጆቻቸው በእጅ ስልካቸው የአማርኛ ዘፈን ይሰማሉ፣ የአማርኛ ፊልም ያያሉ፤ እናታቸው በአማርኛ ስትጠራቸው ግን በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ድምፁ በቤቱ ሞልቷል፤ መላሹ ግን አንሷል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። አማርኛ በባሕር ማዶ በአንድ ቤት ቢዘነጋ በኢትዮጵያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይናገረዋል፤ ልጁም አንድ ቀን ተመልሶ ሊያገኘው ይችላል። ኦጅብዌ ግን ሄደው የሚያመጡበት ሌላ አገር የለውም። እነዚያ ሐይቆች አገሩ ናቸው፤ እዚያ ዝም ካለ በሁሉም ዘንድ ዝም አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ጎልማሳ ተማሪ ምንም ቢዘገይ ዋጋ አለው። አነጋገሩ እንደ ተወላጅ ላይጠራ ይችላል። ነገር ግን እርሱ የሚመልስላቸው ሰው ባይኖር አረጋውያኑ የሚናገሩት ለመሣሪያ ብቻ ይሆን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ጥቂት ሽማግሎች ብቻቸውን የተሸከሙትን ቋንቋ በየማታው አንድ አንድ ቃል የሚቀበላቸው ተማሪ፣ ሸክሙን ወደ ጌጥ ይለውጠዋል።

እናንተም ወጣት ተማሪዎች የምትኖሩት መሣሪያው ከእኛ ዘመን ይልቅ በበዛበት ጊዜ ነው። በየመንደራችሁ ካሉ አረጋውያን የአያቶቻችሁን ቋንቋ፣ ተረትና ምሳሌ በእጅ ስልካችሁ ብትቀዱ መልካም ሥራ ነው። ከቀዳችሁ በኋላ ግን ስልኩን አስቀምጡና መልሱላቸው። ኦጅብዌዎች ሲለያዩ ጊገዋበሚን ይባባላሉ፤ «አይሃለሁ» ማለት ነው፣ ወደፊት እንደሚገናኙ በመተማመን። በዚህችም ቃል ውስጥ፣ ተናጋሪው ስለ ራሱ ዓይን ሲናገር እንኳ ከፊት የሚቆመው አድማጩ ነው።